ድርደራ፦ የበገና ጣትና የፒያኖ ጣት

«አምስት ጣት እኩል አይደለም» የሚለው አባባል ስለ ጣት አይደለም። ስለ ወንድማማች፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ባልደረባ ነው፤ አንዱ ባጠፋ ሁሉም እንዳይወቀስ የሚነሳ የሽማግሌ ቃል ነው። ፒያኖ ለሚጫወት ሰው ግን አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው። አውራ ጣት አጭርና ወፍራም ነው፤ ከሌሎቹም ተገንጥሎ ለብቻው ይኖራል። መሐል ጣት ይረዝማል። የቀለበት ጣት ብቻህን ተነስ ሲሉት ጎረቤቱን ይጎትታል። ትንሿ ጣት ደግሞ አቅሟ ትንሽ ሆኖ ሳለ የዜማውን ጫፍ ተሸከሚ ትባላለች። እነዚህ አምስት የማይመሳሰሉ ሠራተኞች እኩል ድምፅ አውጡ ሲባሉ «የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ ይንካ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የጣት አደራደር እንበለው።

ጥያቄው ከሁሉም በላይ የሚከብደው አርፔጂዮ ላይ ነው። አርፔጂዮ ማለት የአንድን ኮርድ ድምፆች በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ተራ በተራ ማሰማት ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ እንደገና ዶ። ስኬል ሲሆን ጣቶች ጎን ለጎን ባሉ ቁልፎች ላይ ስለሚያርፉ እጅ ተሰብስቦ ይሄዳል። አርፔጂዮ ላይ ግን በየመካከሉ የሚዘለሉ ቁልፎች አሉ። እጅ ይከፈታል፤ አምስቱ ጣት ያልቃል፤ መንገዱ ግን ገና ነው። ሁለት ሦስት ኦክታቭ ይቀራል። ያኔ ወይ አውራ ጣት በሌሎቹ ስር ሾልኮ አዲስ ቦታ መያዝ አለበት፤ ወይ እጅ እንዳለ ተነስቶ መሻገር አለበት። ተማሪ የሚሰናከለውም፣ ድምፅ የሚቆራረጠውም፣ የእጅ አንጓ የሚታመመውም እዚህ ጋ ነው።

ቃሉ የጣሊያን ነው። «አርፓ» ከሚለው የመጣ ሲሆን አርፓ ማለት ሃርፕ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ለዳዊት የሚያስይዘው በገና ነው። ስለዚህ አርፔጂዮ ማለት ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ፣ ብዙም ሳንጎትተው፣ «እንደ በገና መጫወት» ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አማርኛ በገናን አብዛኛውን ጊዜ «ይመታል» አይልም፤ «ይነፋል»ም አይል። «ይደረድራል» ነው የሚለው። ባለሙያውም በገና ደርዳሪ ነው። መደርደር እንግዲህ እንጀራ በሞሶብ ላይ፣ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ፣ አንዱን ካንዱ አስከትሎ በተራ ማስቀመጥ ነው። የድምፅ ድርደራ! ጣሊያኖቹ ከመሣሪያው ስም ቃል ፈጠሩ፤ አማርኛ ግን ድርጊቱን ራሱን ጠራው።

ስለዚህ ለአስቸጋሪ አርፔጂዮ ምቹ ጣት የመምረጥን ታሪክ በፒያኖ ብቻ መጀመር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግማሹን መተው ነው። ፒያኖው ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ድርደራው ነበር፤ ጣቱም የራሱ ሥርዓት ነበረው።

በገና አሥር ክር አለው። ክሮቹ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። ብዙ ደርዳሪዎች ግን አሥሩንም አይነኩም፤ አምስቱን ወይም ስድስቱን ነው የሚነኩት። ታዲያ የቀሩት ለምን ተወጠሩ? ለጣት ማረፊያ ነው። ጣት ክሩን ነክቶ ሲያልፍ በአየር ላይ አይንጠለጠልም፤ ጎኑ ያለው ዝምተኛ ክር ላይ ያርፋል። የተነካው ክር እንደልቡ ይንዘረዘራል፤ ጣቱም ለሚቀጥለው ተራ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። መሣሪያው ራሱ ለጣት ዕረፍት ተብሎ የተሠራ ቦታ አለው ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የፒያኖ መምህራን «ጣትህን አታንጠልጥል፣ ቁልፉ ላይ አሳርፈው» እያሉ ለማስረዳት ብዙ ገጽ የፈጀባቸውን ነገር በገና በክር አስቀምጦታል።

ክራር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ባለ ስድስት ክሩ ክራር በአምስት ድምፅ ቅኝት ይቃኛል፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን ተከፋፍለው ይይዛሉ። ክሮቹ ስድስት ጣቶቹ አምስት ስለሆኑ አንዱ ጣት ሁለት ክር ይደርሰዋል እንጂ፣ ከዚያ ውጭ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ክር አለው። ጣት አይቀያየርም፤ አይሾልክም። ይህች የክራር ነገር ወደ ኋላ ስለምታስፈልግ ትያዝልን።

የበገና ጣት እንዴት እንደሚተላለፍና እንዴት ሊቋረጥ እንደሚችል ለማየት የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ታሪክ ማንሳት ይበቃል። በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ፣ በጉርብትና ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ስር ቁጭ ብለው ነው የተማሩት። መጽሐፍ የለም፤ ኖታ የለም፤ የመምህሩን እጅ አይቶ በራስ እጅ መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመሩ። በ1980 ግን ነገሩ ቆመ፤ የደርግ መንግሥት የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ያለውን በገና ከትምህርቱ አስወጣው። ከዚያ በኋላ ድርደራው በየቤቱ፣ በግል ሆነ። አንድ የሙዚቃ ድርሰት በወረቀት ከተጻፈ መቶ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ይተኛና ይነሳል። የጣት ዕውቀት ግን እንዲህ አይደለም፤ መምህሩ ሳያስተላልፍ ካለፈ አብሮት ያልፋል።

በአውሮፓም ቢሆን ጣት እንደ ሕግ የተጻፈው ዘግይቶ ነው። ፍራንሷ ኩፐራን የክላቭሳን አነካክ መጽሐፉን በ1716 አወጣ። የዮሐን ሴባስትያን ባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ደግሞ በ1753 በርሊን ላይ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስለ ጣት አደራደር ሰፊ ምዕራፍ ጻፈ። እዚያ ውስጥ ከአባቱ የሰማውን ይተርካል፦ አባትየው በወጣትነቱ ያያቸው ታላላቅ ተጫዋቾች እጅ በጣም ካልተዘረጋ በቀር አውራ ጣትን አይጠቀሙም ነበር። አስቡት። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ «አንድ ቁጥር» ብሎ የሚጀምርበት ጣት ያኔ ከቁልፉ ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚውል ሥራ ፈት ነበር። አውራ ጣትን ወደ ሥራ ያስገባው ትውልድ የአርፔጂዮን በር ከፈተ፤ ያለ እሱ ረጅም ድርደራ አይታሰብም።

ቁጥሩም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ጊዜ አውራ ጣት በመስቀል ምልክት ይጻፍ ነበር፤ ሌባ ጣት 1 ትባል ነበር። ቫዮሊን ላይ እስከዛሬ ሌባ ጣት 1 ናት። አሁን በፒያኖ የተለመደው ከአውራ ጣት ጀምሮ ከ1 እስከ 5 ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት አስተሳሰብ ተፋጠጠ። አንደኛው ጣቶችን እኩል ማድረግ ይቻላል፣ በልምምድ ብዛት የቀለበት ጣትን እንደ መሐል ጣት ማጠንከር ይቻላል ይላል። የዚህ ወገን ዝነኛ መጽሐፍ የሻርል ልዊ ሃኖን ነው፤ በ1873 ወጥቶ እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ በየፎቶኮፒ ቤቱ ይባዛል። ሁለተኛው ወገን ፍሬደሪክ ሾፓን ነው። ሾፓን ሳይጨርሰው በቀረ የማስተማሪያ ረቂቁ ላይ የያዘው አቋም የኛው የሽማግሌ አባባል ነው ማለት ይቻላል፦ ጣቶች እኩል አይደሉም፤ እኩል ማድረግም የለብንም፤ የእያንዳንዱን ተፈጥሮ እንጠቀምበት። ተማሪዎቹን ነጭ በነጭ በሆነው በዶ ሜጀር አያስጀምርም ነበር። ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ፣ አጫጭሮቹ ነጮቹ ላይ የሚያርፉበትን ሲ ሜጀርን ያስቀድም ነበር። ወረቀት ላይ አምስት ዲዬዝ ያለበት አስፈሪ፤ እጅ ላይ ግን እንደ ተለካ ጓንት ልክ የሚሆን።

ከሁለቱ ማን ልክ ነበር? ሃኖንን የሚያፈቅሩ ይቀየሙ እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ አርፔጂዮ ላይ ሾፓን ነው የሚያሸንፈው። የመጀመሪያው ኤቲዩዱ፣ ኦፑስ 10 ቁጥር 1፣ በ1833 የታተመውና ለሊስት የተበረከተው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የቀኝ እጅ አርፔጂዮ ነው። እጅን ከኦክታቭ በላይ ይዘረጋል። መነሻው ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ሲሆን ጣቱ 1-2-4-5 ነው፤ ከዚያም ከፍ ብሎ እንደገና 1-2-4-5። አውራ ጣት ማሾለክ የለም። እጅ በአንድ ቦታ ይከፈታል፣ ይሰበሰባል፣ ክንድ ያሻግረዋል፣ ሌላ ቦታ ይከፈታል። በጣት ዝርጋታ ብቻ ሊወጣው የሞከረ ሰው ገጹ ሳያልቅ ክንዱ ይደነዝዛል። በክንድ የሄደ ግን ይደርሳል።

ሮበርት ሹማንም በዚያው ዘመን ሰው ነበር። ፒያኒስት ለመሆን ተነስቶ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የቀኝ እጁ ጣት አልታዘዝ አለው። ጣት ማጠንከሪያ መሣሪያ ሞክሮ ነበር። መንስኤው ዛሬም ድረስ ያከራክራል፤ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት መስጠቱ ነው። ስለዚህ «ምቹ ጣት» ሲባል የስንፍና ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ ሹማንን ያስታውስ። እጅ ይበላሻል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ፣ በኋላ እማሆይ ጽጌማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ መጀመሪያ የያዙትም ቫዮሊን ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ወደ መርኮሊያኖ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ጋር ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። ልብ በሉ፤ በቫዮሊን እጃቸው ሌባ ጣት 1 ናት፣ በፒያኖ እጃቸው ደግሞ 2። ሁለት የጣት ሥርዓት በአንድ ሰው እጅ ላይ።

ወደ ለንደን ሄደው እንዲማሩ የነበረው ዕድል ሲዘጋባቸው ሙዚቃውን ትተው ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ተመልሰው ፒያኖ ፊት ሲቀመጡ የወጣው ሙዚቃ የካይሮው ኮንሰርቫቶሪ አልነበረም። ግራ እጃቸው የአውሮፓን ቫልስ ይመስላል፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ ተንደርድሮ ይወጣና ባልተጠበቀ ቦታ ይቆማል፤ ትንሽ ያስባል፤ እንደገና ይወርዳል። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ታተመ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን በ2006 በኢትዮፒክስ 21ኛ አልበም ነው። በ2013፣ ዘጠና ዓመታቸው ላይ፣ ድርሰቶቻቸው በኖታ መጽሐፍ ሆነው ወጡ፤ በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። የእማሆይን ድርደራ በሜትሮኖም ልኬት እኩል አድርጎ መጫወት የሚሞክር ሰው ድምፆቹን ያገኛል፤ ሙዚቃውን ግን ያጣዋል። እኩል ያልሆኑ ጣቶች ስማቸውን ይዘው የሚሰሙበት ሙዚቃ ነውና።

ፒያኖ በትምህርት ቤት ደረጃ መልክ የያዘው በያሬድ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። እሳቸው በአሜሪካ ኢስትማን ተምረው የመጡ፣ ስለ ክራርም በጥናት የጻፉ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ አውሮፓ፣ በተለይም ከቡልጋሪያ፣ መምህራን መጡ። አብሯቸው የመጣው መጽሐፍና የጣት ቁጥርም የዚያው ነበር።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ የዚህ ቤት ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ክራር ነበር የሚጫወቱት፤ ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሲገቡ ነው። የአውሮፓ መምህራን ፒያኖ በስድስት በሰባት ዓመት ካልተጀመረ እጅ ይደርቃል ይላሉ። ግርማ ግን ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ድረስ ሄደው ተመረቁ፤ ተመልሰው ያሬድ አስተማሩ፤ ሾፓንንና ሹማንን ከራሳቸው «አምባሰል»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» ጋር በአንድ መድረክ ያቀርባሉ። ዘግይተው ጀመሩ የሚባለው ነገር ራሱ ሊመረመር ይገባል። ክራር የያዘ ልጅ ጣቶቹን ለየብቻ ማዘዝ የጀመረው ፒያኖን ሳያይ ነው። ደግሞም ግራ እጁን። የበገናም የክራርም ጣት ግራ እጅ ላይ ነው፤ የፒያኖ አጃቢ አርፔጂዮ የሚበዛውም ግራ እጅ ላይ ነው። አውሮፓዊው ተማሪ ግራ እጄ ደካማ ነው እያለ ሲያለቅስ፣ ከክራር የመጣው ልጅ በዚህ በኩል ብድር የለበትም።

ከፋም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለዱት ጅማ ነው፤ ጅማ ያኔ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ቦንጋም በዚያው ግዛት ውስጥ። ሙላቱ ለምህንድስና ዌልስ ተልከው በሙዚቃ ተመለሱ፤ ለንደንና ቦስተን ተማሩ፤ የያዙት ዋና መሣሪያም ቫይብራፎን ሆነ። ቫይብራፎን የፒያኖ ቁልፍ አደራደር አለው፤ ጣት ግን የለውም፤ የሚመታው በዱላ ነው። አውራ ጣት ማሾለክ የሚባል ችግር የለበትም፤ ጥያቄው «ቀኝ ወይስ ግራ?» ብቻ ይሆናል። የኢትዮ ጃዝ ድርደራ ያ እንደ ውኃ ጠብታ ነጠላ ነጠላ የሆነ ጥራቱ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በአኮርዲዮን የመጡ ናቸው፤ እዚያ ቁልፉ በቁመት ስለተቀመጠ ተጫዋቹ ጣቱን እያየ መጫወት አይችልም፤ የእጁን ቦታ በመዳሰስ ነው የሚያውቀው። በ1985 አሜሪካ ላይ ያወጡትን አልበም የሰማ ያ የመዳሰስ ልስላሴ አያመልጠውም።

እንግዲህ ወደ ቁልፉ እንውረድ። የታተሙት መጻሕፍት ለቀኝ እጅ የዶ ሜጀርን አርፔጂዮ 1-2-3-1-2-3-5 ይላሉ። ከሶል ላይ፣ መሐል ጣት እንደተቀመጠ፣ አውራ ጣት በስሩ ሾልኮ የላይኛውን ዶ ይይዛል። ርቀቱ ሰፊ ነው፤ ሁሉም ቁልፍ ነጭና እኩል ከፍታ ስለሆነ አውራ ጣት የሚያልፍበት ክፍተት ጠባብ ነው። አሁን ሬ ቤሞል ሜጀርን ተመልከቱ፦ 2-1-2-4 ነው። ሬ ቤሞል በ2፣ ፋ በ1፣ ላ ቤሞል በ2፣ ሬ ቤሞል በ4፣ ከዚያ አውራ ጣት ወደ ፋ። ሌሎቹ ጣቶች ከፍ ያለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ስለሆኑ ስራቸው እንደ ድልድይ ክፍት ነው፤ የሚሾለከውም ርቀት አጭር ነው። ወረቀት ላይ የሚያስፈራው እጅ ላይ ይቀላል። በግራ እጅ ደግሞ ዶ ሜጀር ወደ ላይ 5-4-2-1 ሲሆን ሬ ሜጀር 5-3-2-1 ነው፤ ፋ ዲዬዝ ጥቁር ስለሆነች ረጅሙ መሐል ጣት ይደርስባታል። የቀለበት ጣትስ? በነጭ ላይ ይቆያል። ይኸው ነው ምስጢሩ፤ አጭር ጣት ለነጭ፣ ረጅም ጣት ለጥቁር፣ አውራ ጣት ከጥቁር ቀጥሎ ይሾልክ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ሦስት ድምፅ ላለው ኮርድ የተሠሩ ናቸው። የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ትዝታን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። አምስት ድምፅ፣ አምስት ጣት! ቅድም ትያዝልን ያልነው የክራር ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። እጅ 1-2-3-4-5 ብሎ እያንዳንዱን ድምፅ ለአንድ ጣት ይሰጣል፤ ከዚያ ሾፓን እንዳደረገው እጅ እንዳለ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ኦክታቭ ይሻገራል። በአውሮፓ መጽሐፍ ልማድ የሄደ ደግሞ 1-2-3-1-2 ይላል፤ በአንድ ኦክታቭ ሁለት ጊዜ አውራ ጣቱን ያሾልካል። ሁለቱም ይሠራሉ። በዝግታ ሁለተኛው የተያያዘ ድምፅ ይሰጣል፤ በፍጥነት ግን የመጀመሪያው የሚያሸንፍበት ጊዜ ይበዛል፤ ምክንያቱም አንድ መሻገር ከሁለት መሾለክ ያነሰ ሥራ ነው።

አምባሰል ከዶ ሲሆን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። እዚህ አምስቱን ጣት በተርታ መደርደር ትንሿን ጣት ጥቁር ቁልፍ ላይ ያስቀምጣታል፤ አጭር ስለሆነች እጅ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አይመችም። ቀኝ እጅ 1-2-1-2-3 ቢል ግን አውራ ጣት ዶና ፋ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚሾልከው ከጥቁር ቁልፍ ቀጥሎ ነው። ልክ እንደ ሬ ቤሞል ሜጀር ድልድዩ ክፍት ነው።

ይህን የሚያትም መጽሐፍ በብዛት አለመኖሩ ዋጋ የሚያስከፍለው ከዋና ከተማ ርቆ የሚማረውን ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንደ ሌሎች የክልል ከተሞች ሁሉ፣ በእጅ የሚገባው መሣሪያ ትልቁ ፒያኖ ሳይሆን ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው፤ መዘምራን ጋ ወይም የሠርግ ባንድ ጋ ይገኛል። የሚማረውም ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ያለው እጅ የሌላ ሰው እጅ፣ ቅኝቱም የሌላ አገር ቅኝት ነው። ጣቱ ያልገጠመለት ልጅ ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ ያደርጋል። ደግሞ የፒያኖ ኦክታቭ 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ስፋት ለሁሉም እጅ አልተሰፋም። በዓለም ስመ ጥር የነበረው ዮሴፍ ሆፍማን እንኳ እጁ ትንሽ ስለነበረች ስታይንዌይ ጠበብ ያለ ቁልፍ ሠርቶለታል። ለሆፍማን ቁልፉ ከተቀየረ፣ ለቦንጋው ልጅ ቢያንስ ጣቱ ይቀየርለት።

ኪቦርዱ ራሱም በምርጫው ላይ ይገባል። እጅን እንዳለ አንስቶ ማሻገር በፒያኖ የሚያምረው ፔዳሉ ክፍተቱን ስለሚሸፍነው ነው። ብዙ ኪቦርድ ፔዳሉ አብሮት አይሸጥም፤ መሰኪያው ግን ከኋላ አለ። ፔዳል ከሌለ እጅ በተነሳ ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል፤ ያኔ አውራ ጣት ማሾለኩ ይሻላል። ስለዚህ ያው አንድ ትዝታ በፔዳል 1-2-3-4-5፣ ያለ ፔዳል 1-2-3-1-2 ሊሆን ይችላል። በዝግታ የተመቸ ጣት በፍጥነት ላይመች ስለሚችልም፣ ቁጥሩ በእርሳስ ከመጻፉ በፊት አስቸጋሪው ቦታ ብቻ ተነጥሎ በእውነተኛው ፍጥነቱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር አለበት። የሚያም ከሆነ ቁጥሩ ይሰረዛል፤ እጅ አይደለም የሚሰረዘው።

ግራ እጅ ደግሞ የቀኙን ቁጥር አይገለብጥም። በአምባሰል ግራ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ አውራ ጣት ዶና ሶል ላይ ነው የሚመቸው፦ ዶ በ1፣ ሬ ቤሞል በ3፣ ፋ በ2፣ ሶል በ1፣ ላ ቤሞል በ2፣ ከዚያ እንደገና ዶ በ1። በሁለቱም ቦታ አውራ ጣት እንዳረፈ ከላዩ የሚሻገረው ረጅም ጣት የሚያገኘው ጥቁር ቁልፍ ነው፤ ርቀቱም ግማሽ ድምፅ ብቻ።